ወንድሜ ጠማቂውና ያጠብኩበት እርሾ

ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡሱ ከዋናው መንገድ ዳር ያወርደኛል። ከዚያ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ ግራና ቀኙ ማሳ፣ መሃሉ አቧራ። መንገዱ ሲጋመስ ሕንፃው ገና ሳይታይ ሽታው ይቀበለኛል። የሞቀ ብቅል ሽታ ነው፤ ዳቦም ይመስላል፣ ማርም ይመስላል። እዚያ ስደርስ እርምጃዬ ይቀንሳል። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ የሚያየኝ ሰው ጉልበቷን አሟት ነው ይላል፤ ይበል። ያ ሽታ ሲያገኘኝ ቀኑ ምን እንደሆነና ጠዋት ከማን ጋር እንደተጣላሁ ይጠፋኛል። ከሰው የማልጣላበት ጠዋት ጥቂት ስለሆነ ይሄ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠመቃ ቤቱ የታናሽ ወንድሜ ነው። ድሮ የወተት ማጠራቀሚያ ነበር። ወለሉ ውሃ እንዲወርድ ወደ መሃል ያዘነብላል፤ ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ ነጭ ሸክላ ተለጥፎበታል፤ መስኮቶቹ ከፍ ብለው ስለተሠሩ ብርሃኑ ከላይ እንደ ዱቄት ይወርዳል። ውስጥ አንድ ትልቅ ድስት፣ ሦስት ታንክና ብዙ ቧንቧ አለ። ውጭ ከዛፎቹ ስር ስምንት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ሰው ከከተማ ይመጣል፣ ቢራውን ይጠጣል፣ የተጠበሰ ድንችና ቋሊማ በዳቦ ይበላል፣ ከዚያ ጫማውን አውልቆ ሳሩ ላይ ይጋደማል። ነፋስ ሲመጣ የቅጠሉ ጥላ በተኛው ሰው ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ምግቡ የሚቀርበው በወረቀት ላይ ነው። ሹካ ለጠየቀ ሹካ ይሰጠዋል፤ ወንድሜ ግን በሆዱ ትንሽ ይታዘበዋል።

ወንድሜን ሰው ሁሉ በርሜል ይለዋል፤ ከሲታ ስለሆነ። ሸሚዙን ለብሶት እንኳ ከማንጠልጠያው የወረደ አይመስልም። ንግግሩም እንደ ሰውነቱ ነው፤ ትርፍ የለውም። ስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶም እትዬ ይለኛል። አባታችን ይሄ ልጅ ምን ሊሆን ነው እያለ ሲጨነቅ ኖሯል፤ ውሃ ቅዳ ተብሎ ሲላክ ባልዲውን ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ ደመና ሲያይ ይገኝ ነበርና። በመጨረሻ ሹፌር ሆነ። የወተት መኪና ይዞ ከመንደር መንደር እየዞረ የሰበሰበውን እዚህ ሕንፃ ውስጥ ያራግፍ ነበር። በሩ ላይ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ከእያንዳንዱ ጣሳ በማንኪያ እየቀዳች ወተቱ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ የምትመረምር ልጅ ነበረች። ደመና ሲያይ የኖረው ወንድሜ ከዚያ ወዲያ ደመናውን ተወው።

ጉንዳን እንላት ነበር፤ ተቀምጣ የታየችበት ቀን ስለሌለ። ከወንድሜ ጋር በተጋቡበት ቀን እንኳ ሳህን ስታነሳ ያዝኳት። የወተቱ ሥራ ሲዘጋ ሌላው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ከተማ ሄደ፤ እነሱ ባዶ ሕንፃውን ያዙ። ቢራ መጥመቁን ያመጣችው እሷ ናት፤ በልጅነቷ ጎረቤቷ የነበረ አንድ ሽማግሌ ጠማቂ አስተምሯታል። ወንድሜም መኪናውን አቁሞ የውሃ ጎማ ያዘ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ፤ እሷ ትጠምቃለች፣ እሱ ያጥባል፣ ይሸከማል፣ ድንች ይጠብሳል። ከአራት ዓመት በፊት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጭንቅላቷ ውስጥ የበቀለ ነገር በሦስት ወር ውስጥ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ የሚጠምቀው እሱ ነው። ደንበኞቹ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ ያው ነው፣ ምንም አልተለወጠም ይሉታል። ይሄን ሲሉት ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ለማየት ብቻ ሃያውን ደቂቃ እሄድ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ወንድሜ አንድ አባባል አለው፤ ቢራ መጥመቅ ማለት ዕቃ ማጠብ ማለት ነው፣ የቀረው መጠበቅ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገና መቀስና መቆንጠጫ ስቀቅል የኖርኩ ሰው ነኝ። እድፍ ካየሁ እጄ አያርፍም። ጎረቤቶቼ ሲቀልዱብኝ፣ እሷ ቤት ዝንብ እንኳ እግሯን ጠርጋ ነው የምትገባው ይላሉ። ስለዚህ ዓመታዊው እጥበት ሲደርስ እንደ ሠርግ የምጠራው እኔ ነኝ። በዓመት አንዴ፣ የአዲሱ መከር ብቅል ከመግባቱ በፊት፣ ጠመቃ ቤቱ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ያለው ቢራ ተጠጥቶ ያልቃል፤ ታንኮቹ ይራገፋሉ፤ ቧንቧው ተፈታትቶ ይቀቀላል፤ ጠረጴዛዎቹ ሳይቀሩ ይፈገፈጋሉ።

ዘንድሮ እጥበቱ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ብቅሉን ሊያመጣ በጠዋት ወጣ። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ወለሉን ጨረስኩ፣ ታንኮቹን ጨረስኩ፣ ከዚያ ዓይኔ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ ላይ አረፈ። ከፈትኳት። ከአይቡ ኋላ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ላላ ብሏል፤ እስከ ግማሹ ድረስ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ይዟል። አሸተትኩት። እርጥብ ምድር ቤት ይሸታል። ወንድ ልጅ ብቻውን ሲኖር እንዲህ ነው አልኩ በሆዴ፤ አዘንኩለትም። ወስጄ ፍሳሹ ላይ ደፋሁት፣ በረኪና አስከተልኩበት፣ ዕቃውን ፈግፍጌ ሃያ ደቂቃ ቀቀልኩና ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጥኩት። ፀሐይ ሲያርፍበት አብረቀረቀ። ከዚያ ሻይ አፍልቼ፣ በራሴ ኮርቼ፣ እግሬን ዘርግቼ ጠጣሁ።

ወንድሜ ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ያን ዕቃ ነው። ጆንያውን ከትከሻው ቀስ ብሎ አወረደና እዚህ ውስጥ የነበረውስ አለኝ። ተበላሽቶ ነበር፣ ደፋሁት አልኩት። አልጮኸም። እንደሱ ያለው ሰው ቢጮኽ ይሻል ነበር። ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፍሳሹን ያይ ጀመር።

እርሾ ነበር። እኔ እርሾ በፓኬት የሚገዛ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን በተቆራረጠ ቃል አስረዳኝ። ሽማግሌው ጠማቂ ለጉንዳን የሰጣት እርሾ ነው። ቢራ ታንክ ውስጥ ፈልቶ ሲበቃው እርሾው ከስር ይዘቅጣል፤ እሷ ያንን ቀድታ ለሚቀጥለው ጠመቃ ታስቀምጣለች፣ ከዚያኛው ደግሞ ለሚቀጥለው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልተቋረጠም። እሷ ከሞተች በኋላ እሱ ቀጠለው። ሁሉ ነገር ሲታጠብ የማይታጠበው አንድ ዕቃ ያ ነው፤ ለእኔ ያልተነገረኝም እስከ ማቀዝቀዣው እደርሳለሁ ብሎ ማንም ስላላሰበ ነው።

«ያው ነው የሚሉት ለዚህ ነው» አለኝ። «የምጠምቀው እኔ አይደለሁም እኮ። እሱ ነው።»

ቀጥሎ ምን እንዳደረግኩ ስናገር ያሳፍረኛል፤ ማንኪያ ይዤ ፍሳሹ ላይ ተንበረከክሁ። ብረቱን አንስቼ ባይ ባይ የበረኪና ሽታ ብቻ ነው የጠበቀኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጀርም ስገድል ኖሬ እንደዚያ ቀን ጉብዝናዬን የረገምኩበት ጊዜ የለም። ወንድሜ ክንዴን ይዞ አነሳኝና፣ ተይው እትዬ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለኝ። የበደልኩት ሰው ሲያጽናናኝ ይባስ አንጀቴ አረረ።

ወደ ቤቴ አልተመለስኩም። በሦስተኛው ቀን ፖስተኛው በብስክሌት ትንሽ እሽግ ይዞ መጣ፤ ወንድሜ ስልክ ደውሎ ያዘዘው ደረቅ እርሾ ነው፣ ማንም አዝዞ የሚያገኘው። ፖስተኛው ጠመቃ ቤቱ በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያዋን ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው ስለሆነ፣ መቼ ነው የምትከፍቱት ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ እሽጉን ተቀበለው። ፓኬቱን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ወደ ዛፎቹ ሄደ። ፖስተኛው እኔን አየኝ፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን አየሁ።

በፓኬቱ እርሾ ቢራ መሆኑስ ይሆናል። ሰው መጥቶ ይጠጣዋል፣ ጥሩ ነውም ይላል። ያው ነው የሚል ግን ከእንግዲህ አይኖርም። ወንድሜ ከሚስቱ ሁለተኛ ሊለያይ ነው፤ በዚህኛው ደግሞ የለየኋቸው እኔ ነኝ። ይሄን እያሰብኩ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ወንድሜ ለእንግዳ ጠርሙስ ሲሰጥ ሁልጊዜ፣ ከስሩ አንድ ጣት ያህል ተዉት፣ እርሾ ተኝቶበታል ይላል። ተኝቶበታል እንጂ ሞቶበታል አይልም።

ጉንዳን ለመጨረሻ ጊዜ ከጠመቀችው ላይ አሥራ ሁለት ጠርሙስ በእጇ ሞልታ ነበር። አሥራ አንዱ በቀብሯ ቀን ለመጣው ሰው ተከፈተ። አሥራ ሁለተኛው ምድር ቤት፣ ከጆንያዎቹ ኋላ፣ ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ቆሟል። ወንድሜ ከቦታው ሲያነሳው አይቼ አላውቅም፤ አቧራውን ግን ይጠርግለታል። ዛፎቹ ስር ሄጄ ጠርሙሱን ብንከፍተውስ አልኩት።

«እሷን አትንኪያት» አለኝ።

እሷ ያለው ጠርሙሱን ነው። በዕድሜው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገረኝ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ነገር የማላሳልፈው ሴትዮ ዞሬ ሄድኩ። ፍቅር ነው፣ ማስታወሻው ናት፣ እንዴት እንዲህ ትጠይቂዋለሽ እያልኩ ራሴን ስሰድብ ዋልኩ።

በማግስቱ ምሳ በልተን እንደሆነ አላስታውስም። የብቅሉ ጆንያ ላይ ጋደም አልኩ። ከላይ የሚወርደው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ አንዱን ሸክላ ለቅቆ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንድ ቦታ ውሃ ጠብ ይላል፣ ይቆያል፣ ጠብ ይላል። ተኝቻለሁ ወይስ ነቅቻለሁ ሳልለይ፣ ጉንዳን በእርጥቡ ወለል ላይ በጎማ ጫማዋ ስትመላለስ ሰማሁ። አንዴ ወደ ድስቱ ትሄዳለች፣ አንዴ ወደ ታንኩ። ኧረ ተቀመጪ ልላት ፈለግሁ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሷም አንድ ነገር እንደጠፋው ሰው መሃል ላይ ቆማ ዙሪያዋን አየች። ናፈቀችኝ፤ እንደዚያን ቀን ናፍቃኝ አታውቅም። ዓይኔን ስገልጥ የሚመላለሰው ወንድሜ ነው። በአንድ እጁ ጠርሙሱን፣ በሌላው ሁለት ብርጭቆ ይዟል።

አጠገቤ ተቀመጠ። ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መሃል አደረገ። ከዚያ እስካሁን ያልከፈተው በፍቅር ብቻ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ፈርቶ እንደሆነ ነገረኝ። ብቅሉ ድስት ውስጥ ሲፈላ ሆፕስ የሚሉት አበባ ይጨመርበታል፤ ቢራን መራራ የሚያደርገው እሱ ነው፤ እሱን የሚረሳ ጠማቂ ጨው የማያውቅ ወጥ ሠሪ ማለት ነው። ጉንዳን ደግሞ የምትረሳ ሴት አልነበረችም።

«ይሄን የጠመቀች ቀን፣ አበባውን ጨምሬያለሁ ወይ አለችኝ» አለ። «እኔ በር ላይ ድንች ስልጥ ነበር። አዎ አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩሽ እኮ አልኳት። ተነስቼ አላየሁም፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሁለት ጊዜም ሳላይ አዎ አልኩ።»

ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ ነው የወደቀችው። ሐኪሞቹ ቀደም ብሎ ያያችሁት ምልክት ነበር ወይ ሲሉት ምንም አላየሁም አለ። እውነቱንም ነው፤ አላየም። በቀብሯ ቀን ሰው ሁሉ ሲጠጣ እሱ አልቀመሰም። ጠርሙሱ እስካልተከፈተ ድረስ ምናልባት አበባው አለበት፣ ምናልባት ያን ቀን ጤነኛ ነበረች ማለት ይችላል። አራት ዓመት ሙሉ ያኖረው ይሄን ምናልባት ነው።

እኔ ግን ምናልባት የሚባል ነገር አልነበረኝም። በቀብሯ ቀን አንድ ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ምሬት የሚባል አልነበረበትም። ያኔ ለቅሶው የአፌን ጣዕም አጥፍቶት ነው ብዬ ተውኩት፤ ሌላውም ሰው እንዲሁ ብሎ መሰለኝ፣ ማንም ቃል አልተነፈሰም። አሁን አጠገቤ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ፣ መዋሸት እንደ ውሃ የቀለለ ነገር ሆኖ ታየኝ። እርሾውን የደፋሁበት እኔ፣ ይሄን ደግሞ ልድፋበት? ልቤ ሁለት ሆነ። ግን ጠርሙሱ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም፤ ሲቀምሰው ያውቀዋል፣ ያኔ ደግሞ ብቻውን ነው የሚያውቀው።

«አልጨመረችም» አልኩት። «በቀብሯ ቀን ቀምሼዋለሁ። ጣፋጭ ነው። እኔም አልነገርኩህም።»

ወንድሜ ቆርኪውን ከፈተው። ያን ያህል ድምፅ አልነበረውም፤ እስስ ብሎ ትንፋሹን አወጣና ዝም አለ። ጠርሙሱን ሳያናውጥ አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለራሱ ቀዳ። ጣፋጭ ነበር፤ መጨረሻው ላይ በጣም እንደበሰለ ፍሬ ይኮመጥጣል። ወንድሜ ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ አስቀመጠውና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅ ሳለ እንደማደርገው ጭንቅላቱን ወደ ደረቴ ሳብኩት። ብዙ አለቀሰ። እኔም ከሱ አላነስኩም። በኋላ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ፣ ጉንዳን ይሄን ብትቀምሰው ፍሳሹ ላይ ነበር የምትደፋው አለ። እንግዲያው እኔና እሷ አንድ ነን አልኩት፤ ሳቅ ብሎ መሬት መሬት አየ።

ከጠርሙሱ ስር አንድ ጣት ያህል ቀርቷል። ያን የመስታወት ዕቃ እንደገና ቀቀልኩት፤ በዚህኛው ጊዜ ታዝዤ ነው። ወንድሜ ጥቂት ብቅል አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ አቀዝቅዞ ጨመረበትና ዝቃጩን ከላይ አፈሰሰ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንነውና መጠበቅ ሆነ ሥራችን። አንድ ቀን ምንም የለም። ሁለተኛ ቀን ምንም። እኔ ወንበር ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ጆሮዬን እደቅንበታለሁ፣ ሳንቀላፋ ጉንዳን መጥታ ሽፋኑን ገለጥ አድርጋ አይታ ትሄዳለች። ስነቃ ያንኑ ፈዛዛ ውሃ አገኛለሁ። በአራተኛው ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ሰደብኩት፤ ሰነፍ፣ እንቅልፋም፣ እሷ ያሳደገችህ አትመስልም አልኩት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት በዕቃው አንገት ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ አረፋ ተቀምጧል። አንዲት ነጥብ ከስር ተነሳች፣ እየተወዛወዘች ወጣች፣ ፈነዳች። ወንድሜን ለመጥራት ድምፅ አጣሁ፤ በማንኪያ ታንኩን መታሁለት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አበላነው፤ ከትንሹ ዕቃ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ ባልዲ አዛወርነው። የመክፈቻው ቀን አለፈ፤ ፖስተኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ አፉን ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ድስቱ ተጣደ። እንፋሎቱ ጣሪያውን ሞልቶ በከፍተኛዎቹ መስኮቶች ወደ ማሳው ሲወጣ፣ ያ ሽታ ሄዶ መንገዱ ላይ ማንን እንደሚያገኝ እያሰብኩ በር ላይ ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ። ወንድሜ እንፋሎቱ ውስጥ ጠፍቷል፤ የጎማ ጫማው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል።

«እትዬ፣ አበባውን ጨምሬያለሁ?» አለኝ ከውስጥ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ጉልበቴን ደግፌ ተነሳሁ፣ ወለሉን ተሻገርኩ፣ የድስቱን ሦስት ደረጃ ወጣሁ። ፊቴን እንፋሎት እየመታኝ ድስቱ ውስጥ አጎንብሼ አየሁ። አረንጓዴው አበባ ከፍላቱ ጋር እየተገላበጠ ነው። ጨምረሃል አልኩት፤ ወርጄ ድንቼን ያዝኩ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሞ ተነስቼ አየሁ።